ናቹራል ትግባ ያልኩ ዕለት

ይህን ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ልደታ ማርያም ግቢ ውስጥ ከፊታቸው ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይህንን ዘልዬው ተነሥቻለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ለእናንተ የምጽፈው ስለማታውቁኝ ነው።

መምህር ነኝ፤ ነገርን ከሥሩ ካላስረዳሁ አይሆንልኝም። ጠዋት በአንድ የግል ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ቤት ለቤት እየሄድኩ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ማስጠናት የጀመርኩት በእትዬ አስቴር ቤት ነው። እትዬ አስቴር ልደታ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ፣ ከፍርድ ቤቱ ማዶ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላቸው ሴት ናቸው። ያላቸው አንዲት ልጅ ናት፤ መክሊት ትባላለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ እዚያው ሱቅ ተቀምጣ ባለጉዳይ ሲያለቅስ፣ ጠበቃ ሲያባብል፣ ተከሳሽና ከሳሽ በአንድ ማሽን ተራ ሲጠብቁ እያየች ነው ያደገችው። ጠበቃ መሆን ፈለገች። ለዚያ ደግሞ አሥራ አንደኛ ክፍል ስትገባ ናቹራል ሳይንሱን ትታ ሶሻል መምረጥ ነበረባት።

ፊዚክስ አይገባትም ነበር። ሰንፋ አይደለም፤ አይገባትም። አንድ ቀን ከፎቅ የተወረወረ ድንጋይ በስንት ሰከንድ መሬት እንደሚደርስ አስዪ ብላት ብድግ አለችና፣ “የተከበረው ፍርድ ቤት፣ ወርዋሪው ሳይያዝ ድንጋዩ ለምን ይመረመራል?” አለችኝ። እናቷ ከጓዳ ሆነው በሳቅ ፈረሱ፤ እኔም ሳቅሁ። እንግሊዝኛዋስ? ለማንም ያላመንኩትን ልመን፤ ከእኔ እንግሊዝኛ ይሻል ነበር።

ምርጫው የሚወሰንበት ቅዳሜ ሊደርስ ሲል መክሊት ደረጃው ላይ ጠብቃ ያዘችኝ።

“ቲቸር፣ እማዬ አንተን ነው የምትሰማው። እኔ ስነግራት ‘ጠበቃ ውሸታም ነው’ ትለኛለች። ስትጠይቅህ ሶሻል በላት፤ በማርያም!”

እሺ አልኳት። ቃል ገባሁላት።

ቅዳሜ ዕለት እትዬ አስቴር ሱቃቸውን በጊዜ ዘግተው መጡ። “መምህር፣ እኔ የሰው ወረቀት ሳባዛ የኖርኩ ነኝ፤ ይሄን ነገር አላውቅበትም። አንተ ወንድሟ ነህ። የትኛው ይሻላታል?” አሉኝ።

ናቹራል ትግባ አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም፤ ቃሉም አምልጦኝ አይደለም። ብዬ ብቻ አልተውኩትም፤ እንደ ልማዴ በተራ አስረዳሁ። አንደኛ፣ ጎበዝ ተማሪ የሚገባው ናቹራል ነው አልኩ። ሁለተኛ፣ ከናቹራል ወደ ሶሻል መሻገር አይከብድም፣ ከሶሻል ወደ ናቹራል ግን መንገድ የለም አልኩ። ሦስተኛ፣ እኔ አለሁላት አልኩ። መክሊት ፈገግ እንዳለች ታየኝ ነበር፤ እየቀለድኩ መስሏት መጨረሻውን ትጠብቃለች። ሲገባት አንገቷን ደፋች። እናቷ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው “ተመስገን! ዶክተር ልትሆንልኝ ነው” አሉ።

ለምን አልኩት? ሶሻል ብትገባ ፊዚክሱም፣ ኬሚስትሪውም፣ ባዮሎጂውም ይቀራል። የሚተርፈኝ እንግሊዝኛ ነው፤ በእንግሊዝኛ ደግሞ አላስፈልጋትም። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር በተከራየኋት ክፍል ብታመም እንኳ የሚጠይቀኝ አልነበረም፤ በእትዬ አስቴር ቤት ግን ኮቴዬ ሲሰማ “መምህር መጣ” ይባላል፣ ሳልበላ አልሸኝም። የሕንፃው እናቶች ልጆቻቸውን የሰጡኝም እሳቸው ስላመሰገኑኝ ነው። ከዚያ ቤት ከወጣሁ ከሁሉም ቤት የምወጣ መሰለኝ። ፈሪ ነበርኩ ልበል? ፈሪ ዝም ይላል። እኔ ዝም እንኳ አላልኩም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ውሸቴን ስጠግን ኖርኩ። አንዱን ጥያቄ ቁጥሩን ብቻ እየቀያየርኩ ወርክሺት አዘጋጅላታለሁ፤ እሷም የአሠራሩን ቅደም ተከተል በቃሏ ይዛ ትሠራዋለች፤ እኔም በቀይ እስክሪብቶ ራይት እየመታሁ ለእናቷ አሳያለሁ። “እየተሻሻለች ነው እትዬ!” ጥያቄው በሌላ መልክ ቢመጣ እንደማትሠራው እያወቅሁ! የተከፈለኝ ለማስተማር ነው፤ የሠራሁት ግን ማስመሰል ነው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ደረሰ፤ በአውቶብስ ተጭነው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሄደው ተፈተኑ። ውጤቱ ሲወጣ እንግሊዝኛዋ የሚያኮራ ነበር። ፊዚክሱና ሒሳቡ ግን ጎትተው ጣሏት፤ ማለፊያው ላይ አልደረሰችም።

ላጽናና ብዬ ሄድኩ። እትዬ አስቴር እኔ ባለሁበት ልጃቸው ላይ ጮኹባት። “እሱ ምን ያላደረገልሽ አለ? ፀሐይ ዝናብ ሳይል የተመላለሰው ለማን ነው? አንቺ ስልክሽን ስትነካኪ! ሰነፍ!”

መክሊት ቀና ብላ አየችኝ። አንድ ነገር ብትናገር ያበቃልኝ ነበር፤ “ሶሻል በልልኝ ብዬው እሺ ብሎኝ ነበር” ብትል ይበቃ ነበር። አልተናገረችም። እኔ እንድናገር ነው የጠበቀችው። እኔስ ምን አልኩ? “አይቆጧት እትዬ፣ በሚቀጥለው ትበረታለች” አልኩ። ይቅር ባይ ሆኜ አረፍኩት! ካደረግሁት ሁሉ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው። ናቹራል ትግባ ያልኩ ዕለት የሰረቅኋት የምትፈልገውን ትምህርት ነው፤ ያን ዕለት ግን እናቷን ሰረቅኋት።

አሁን ሱቅ ውስጥ ከማሽኑ ኋላ ትቀመጣለች። ባለጉዳይ ሲያናግራት ራሷን በመነቅነቅ ብቻ ትመልሳለች። ትናንት እትዬ አስቴር ደወሉልኝ። “እህል አትቀምስም። ከእኔ ጋር መነጋገር ከተወች ቆየች። ልጄን ላጣት ነው፤ በእመቤቴ፣ ና ምከርልኝ። አንተን ትሰማለች። ዘንድሮም አንተው ታስጠናታለህ።”

ምን ብዬ ልምከራት? በርቺ ልበላት? እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኋት፤ እኔው ሐኪም ሆኜ ልግባ? መድኃኒቱን አውቀዋለሁ። “እትዬ፣ ልጅዎ ሰነፍ አይደለችም። ያሳሳትኳችሁ እኔ ነኝ” ማለት ነው። ለአርባ ተማሪ ቀኑን ሙሉ የሚለፈልፍ አፍ ይህን ማለት አቃተው።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ወጣት ነበርኩ፣ ብቸኛ ነበርኩ ብዬም አላሳዝናችሁም። ለማያውቁት ሰው መናዘዝ ቀላል ነው፤ ይኸው ሳልንተባተብ ጨረስኩት። መክሊት ግን ይህን በምታነቡበት ሰዓትም በእናቷ ፊት ጥፋተኛ ናት። የእትዬ አስቴር ቁጥር ስልኬ ላይ ተከፍቷል፤ እስካሁን አልደወልኩም።