የምክትል ቅናትና የሊቁ ክኒን

ሰው በሰው ሀብት ይቀናል፤ በቤቱ፣ በትዳሩ፣ በልጆቹም ይቀናል። ይሄ ያለ ነው። በሰው ሕመም የሚቀና ግን ብርቅ ነው፤ ምክትል ከነዚህ ብርቆች አንዱ ነበር።

ምክትል ሲባል ሹመት ያለው ሰው እንዳይመስላችሁ። ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ ከቼዝ ክበቡ ጋር ግድግዳ ትጋራለች፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ የሚለካባት ጠባብ ክፍል ናት። በክበቡ ዓመታዊ ውድድር አምናም ሁለተኛ፣ ካቻምናም ሁለተኛ፣ ከዚያ በፊትም ሁለተኛ ስለወጣ አንድ ቀልደኛ «ምክትል» አለውና ስሙ ተጣብቆበት ቀረ። እሱም ሲጠሩት አቤት ይላል። ጥርሱ ይስቃል፣ አንጀቱ ያራል፤ ሰዉ የሚያየው ጥርሱን ብቻ ነው።

አንደኛ የሚወጣው ሊቁ የሚሉት ሰው ነው። ሊቁ ድሮ የሒሳብ መምህር ነበር፤ ሕመሙ ሲጠናበት ማስተማሩን ትቶ ከታላቅ እህቱ ጋር መኖር ጀመረ። ጫማ አያደርግም፤ ጫማው የሚያስበውን እየሰማ ለሌላ ሰው ያቀብልብኛል ብሎ ያምናል። እንቅልፍም ከሸሸው ቆይቷል። ቼዝ ፊት ሲቀመጥ ግን በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይውጣል።

የክበቡ ሰዎች ይወዱታል ማለት ያንሳል። ባዶ እግሩን ሲመጣ «ይሄ ሰው ምድርን እያዳመጠ ነው የሚያስበው» ይባባላሉ። ለብቻው ሲያወራ «ተዉት፣ እያሰላ ነው» ይላሉ። ሰላምታ ነስቷቸው ሲያልፍ እንኳ እንደ ስጦታ ይቆጥሩታል። ምክትል ደግሞ በሰዓቱ ይመጣል፣ ለሁሉም እጅ ይነሳል፣ የጠጣበትን የሻይ ብርጭቆ መልሶ ያስቀምጣል፤ ለዚህ ግን ማንም አጨብጭቦለት አያውቅም። «እኔም ባብድ ኖሮ ይሄኔ ሊቅ ነበርኩ» ይል ነበር በሆዱ። አንድ ጊዜማ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ ክበቡ ገባ። የክበቡ ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡ የባንክ ሠራተኛ፣ ከላይ እስከ ታች አዩትና ልብስ እየሰፋህ ልብስ መልበስ እንዴት አቃተህ ብለው ጠየቁት። ቤቱ በሳቅ ሞላ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይሏል ይሄ ነው፤ ምክትል መጸዳጃ ቤት ገብቶ ሸሚዙን አቃንቶ ወጣ።

ከሁሉ ይልቅ ሆዱን የሚበላው ግን ከሰብሳቢው ወንበር በላይ የተሰቀለው ፎቶ ነው። ከዓመታት በፊት በፍጻሜው ጨዋታ ምክትል ሊቁን ሊያሸንፈው ምንም አልቀረውም ነበር። ሊቁ ድንገት ተነሳ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ እንዲያ እንደቆመ ብዙ ቆየ። ከዚያ ተመልሶ ንግሥቱን በነጻ ሰጠ፤ ሁሉም አበቃለት ሲል በሁለት ፈረስ የምክትልን ንጉሥ መፈናፈኛ አሳጣው። ወሬው ጋዜጣ ላይ ወጣ። ፎቶው ላይ ሊቁ ከግድግዳው ጋር እንደተፋጠጠ ይታያል፤ ከጫፉ ደግሞ አንድ ክርን አለ። ክርኑ የምክትል ነው። እጅጌውን ራሱ ስለሰፋው የትም ቢያየው ያውቀዋል። ከሥሩ የተጻፈው ጽሑፍ «ተጋጣሚው» ብሎት ያልፋል።

የሊቁ እህት ዳቦ ቤት ትሠራለች። ቤት ብቻውን ከምትተወው ብላ ጠዋት ሥራ ስትገባ ክበቡ ታደርሰዋለች፣ ማታ ትወስደዋለች። ሐኪሙ ከምሳ በኋላ እንዲውጠው ያዘዘለትን ክኒን ሰብሳቢው እጅ ላይ አስቀምጣ አደራ ትላለች። ሰብሳቢውም ደረታቸውን መታ አድርገው እሺ ይላሉ።

አንድ ቀን ምክትል እጁን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ሲወጣ ሊቁን ከቧንቧው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ አገኘው። ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ሁለት ጆሮውን በእጆቹ ደፍኖ፣ ማንም በሌለበት ይለምናል። «በቃችሁ» ይላል። «ደከመኝ፣ በቃችሁ።» ቧንቧው ተከፍቶ ውሃው እግሩን ያርሰዋል፤ እሱ ግን አላወቀውም። ምክትል ቧንቧውን ዘጋለት። ምን እንደሚለው ቢጨንቀው መሀረቡን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎለት ገባ።

ውስጥ ሰብሳቢው ለሰዎች ሊቁን እንዳይረብሹት እየነገሩ ነው፤ ለቅዳሜው ጨዋታ እያሰበ ነውና። ይህን እያሉ በእጃቸው የያዙትን ክኒን መስኮቱ ላይ ካለው የአበባ ማሰሮ አፈር ውስጥ በአውራ ጣታቸው ቀበሩት። ምክትል ዓይኑን ማመን አቃተው። ሰብሳቢው አላፈሩም፤ እንዲያውም ምሥጢር እንደሚያካፍል ሰው ጠጋ አሉት።

«ይሄን የዋጠ ቀን ልክ እንደ እኛ ነው የሚጫወተው» አሉት። «እንዲህ ያለ ጭንቅላት ማደንዘዝ ግፍ ነው።»

ምክትል ለሊቁ ያዘነው እውነቱን ነበር። ሐዘኑ ግን ብዙ አልቆየም። «ልክ እንደ እኛ ነው የሚጫወተው» የሚለው ቃል ጆሮው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ፤ የስፌት መኪናዋን ሲረግጥ አብራ ያንኑ የምትደግም መሰለው። እንደ እኛ ከተጫወተማ፣ ከእኛ ውስጥ አንደኛው ማን ነው?

ማታ እህትየው ስትመጣ ደጅ ጠበቃት። ሰብሳቢው ሥራ እንደሚበዛባቸው፣ ሱቁ እዚሁ እንደሆነች፣ ምሳውን ከእሱ ጋር እየበላ ክኒኑን ቢውጥ እንደሚሻል በትሕትና ነገራት። የአበባ ማሰሮውን ነገር ግን አላነሳም። ሴትየዋ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ወንድሜ፣ እግዜር ብድርህን ይክፈልህ» አለችው። አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ የሚባለው ሰው ማን እንደሆነ ምክትል ያን ጊዜ በደንብ ገባው፤ አንገቱን ደፍቶ አሜን አለ።

ከዚያ ወዲህ ሊቁ በየቀኑ ቀትር ላይ ወደ ልብስ ሰፊው ሱቅ ይመጣል። ምክትል ከሚስቱ የመጣለትን ምሳ ለሁለት ይከፍላል፤ ውሃ ይቀዳል፤ ክኒኑን በመዳፉ ላይ ያስቀምጥለታል፤ እስኪውጠው ድረስም ዓይኑን አይነቅልም። እናት እንኳ እንዲህ አትጠብቅም። ከዚያ መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ ባሰመረው ቼዝ፣ የካፖርት ቁልፍ ከሸሚዝ ቁልፍ እያጋጠሙ ይጫወታሉ። መጀመሪያ ላይ ሊቁ በነዚያ ቁልፎች ጭምር ያርበደብደው ነበር። ምክትል ይሸነፋል፣ መርፌውን ያነሳል፣ ነገ ይለወጣል ብሎ ይጠብቃል።

የምክትል ሚስት ምሳው በእጥፍ መጨመሩን ስታይ ነገሩ ሸተታት። «የገዛ እናትህ ስትታመም መድኃኒት የገዛሁላት እኔ ነኝ» አለችው። «አሁን ይሄ ርኅራኄ ከየት መጣ?» ምክትል ቼዝ የሴት ነገር አይደለም ብሎ ሊያመልጥ ሞከረ። እሷ ግን ቼዝ አላልኩም ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሊቁ ቀስ በቀስ ተለወጠ። መጀመሪያ ማዛጋት ጀመረ፤ ሲያዛጋ ራሱ ደንግጦ ይስቃል። ቀጥሎ ስለ ሰው መጠየቅ ጀመረ፤ ምክትልን ዓይንህ ቀልቷል፣ መብራቱን ለምን አታቀርበውም አለው። አንድ ቀን ደግሞ ጫማ አድርጎ መጣ፤ አሮጌ፣ ከእግሩ የሚሰፋ ጫማ። ምክትል ስፌቱን አቋርጦ አየው።

«ጫማው ምን ይልሃል?» አለው፣ እንደ ቀልድ።

«ጫማ ነው» አለ ሊቁ። «ምን ይላል?»

ያን ቀን ምክትል ለመጀመሪያ ጊዜ በቁልፍ አሸነፈው። ከደስታው ብዛት የሰው ጃኬት እጅጌ ገልብጦ ሰፋና ማታ ሲፈታ አመሸ።

ክበቡ ውስጥ ግን እንደ ሐዘን ቤት ጭር አለ። ሊቁ ሲገባ ለሁሉም እንደምን ዋላችሁ ይላል፤ ተቀምጦ ያስባል፣ ይሳሳታል፣ ሲሸነፍ እጅ ይጨብጣል። ይህን ለማየት ማን ይመጣል? «ልብስ ሰፊው ሊቁን ገደለው» የሚል ወሬ ተነዛ። ውድድሩ ሲቃረብ ሰብሳቢው ራሳቸው ሱቁ ድረስ መጡና በሩ ላይ ቆሙ።

ጨዋታው እስኪያልፍ ብቻ ክኒኑን እንዲያቆይ ለመኑት። ጋዜጠኛ ጠርተዋል፤ እንግዳ ጋብዘዋል፤ የክበቡ ስም አለ። ምክትል መቀሱን አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ሰውየው እኮ ይተኛል አሁን» አላቸው። «እርስዎ ሌሊቱን የሚተኙትን እንቅልፍ እሱ ለምን ይነፈጋል? ሰው ነው እንጂ የክበብ ዕቃ ነው እንዴ?»

ሰብሳቢው አንገታቸውን ነቅንቀው ሄዱ። ምክትል የተናገረውን መልሶ ሲሰማው ደነገጠ፤ የጨዋ ሰው ንግግር ነው። ለአፍታ እውነት በዚያ ምክንያት ያደረገው መሰለው። ወዲያው ግን ውድድሩ ትዝ አለውና ደስ የሚል ትኩሳት ተሰማው፤ ራሱን ማታለሉን ተወው።

የፍጻሜው ቀን አዲስ የሰፋውን ኮት ለብሶ ሄደ። አዳራሹ ግማሹ ባዶ ነው። ጨዋታው ረጅም፣ ተራ ጨዋታ ነበር። የሊቁ እጅ ከመድኃኒቱ የተነሳ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ግድግዳ ያየም፣ ንግሥት የሰጠም የለም። መጨረሻ ላይ አንድ ወታደር ረሳ። ምክትል ያቺን ወታደር በላ፣ ሌላዋን ገፋ፣ ሊቁም ንጉሡን በጣቱ አስተኛና እጁን ዘረጋ።

ምክትል ይህን ቀን ለዓመታት በልቡ ሲያየው ኖሯል። ሲነሳ ምን ዓይነት ፊት እንደሚያሳይ፣ ጭብጨባው ሲበዛ እጁን እንዴት እንደሚያነሳ ሁሉ ተለማምዶ ነበር። ሰብሳቢው ውጤቱን መርዶ በሚያረዳ ድምፅ አነበቡት። ሦስት አራት ሰው አጨበጨበና ተወው። ከዚያ ሰዉ ሁሉ ተነሥቶ ሊቁን ከበበ፤ አይዞህ ይሉታል፣ ትከሻውን ይዳብሱታል፣ ፎቶ አንሺውም ወደሱ ሄደ። ሲሸነፍ እንኳ ሰዉ የእሱ ነው። ምክትል ቼዙን ብቻውን ሰብስቦ ሳጥኑ ውስጥ ከተተ። እንዲህ ቀንቶ አያውቅም።

ሱቁ ደጅ ካለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሳለ ሊቁ ሰፊ ጫማውን እየጎተተ መጣና አጠገቡ ተቀመጠ። እህቱን ነው የሚጠብቀው።

«ክኒኑን ለምን እንደምትሰጠኝ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ገብቶኛል» አለ ሊቁ።

ምክትል ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ጣቱ ላይ መጠቅለል ጀመረ። ሊክድ አሰበ፤ ለማን ብሎ? «ታዲያ ለምን ዋጥከው?» አለው።

«እነሱ የሚወዱት ያንን የማይተኛውን ነው። እሱ እንዳይቀርባቸው መድኃኒቴን አበባ ሥር ይቀብራሉ። እናቴ ምቀኛ አታሳጣኝ እያለች ስትጸልይ እስቅባት ነበር። ከእህቴ ቀጥሎ እንድድን የፈለገ ሰው ብቆጥር፣ ያው ምቀኛዬን አገኘሁ።»

ምክትል ፊቱ ጋለ። ሊቁ ይህንንም ቀድሞት አይቶታል፤ በዚህም ቀናበት።

«አሁን አሸንፈሃል» ሲል ቀጠለ ሊቁ። ድምፁ ዝቅ አለ፤ ፍርሃት አለበት። «የፈለግኸውን አግኝተሃል። ነገ ልምጣ ወይስ ይቅር?»

ምክትል ያ ቧንቧ፣ ያ ጆሮ የደፈነ እጅ ትዝ አለው። ወንድሜ ሊለው ፈለገ፤ ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ተመለሰበት። ሜትሩን ጠቅልሎ ጨረሰና ኪሱ ከተተው።

«ለከርሞም ውድድር አለ» አለው። «እንዳታረፍድ።»

ሊቁ ሳቀ፤ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እህቱ ስትደርስም አላቆመም። እሷ ምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራው ሳቀች፤ ከዚያ እጁን ይዛ ወሰደችው።

በማግስቱ ምክትል አዲሱን ፎቶ ሊያይ ክበቡ ገባ። ሰብሳቢው ከአሮጌው ጎን ሰቅለውታል። ሊቁ አንገቱን ደፍቶ ንጉሡን ሲያስተኛ ይታያል፤ ከጫፉ አንድ ክርን አለ። አዲሱ ኮት ነው፤ ስፌቱም ቀጥ ብሏል። ምክትል አንድ ስድብ በጥርሱ መሀል አላመጠ። ከዚያ በላይ ግን አልቆመም፤ ቀትር እየደረሰ ነበርና ውሃ ሊቀዳ ወደ ሱቁ ሮጠ።