የባሕር ዳገት

ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ መሐል ሜዳ

ውርጩ አልለቀቀም። ሚኒባሱ ውስጥ ጋቢ የተከናነቡ ገበያተኞች፣ ሁለት ማዳበሪያ ገብስ፣ አንድ ሙክትና እኔ አለን። ከጭነቱ ሁሉ ክቡሩ ጉልበቴ ላይ ያለው ደብተር ነው። ጀርመን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኖርዌይን በባሕር የወረረችበትን ታሪክ ጽፌበታለሁ። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው፣ እንግሊዝኛን ከመዝገበ ቃላት ለብቻዬ ተምሬ፣ ስድስት ዓመት የደከምኩበት ነው። ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ይህንንም እንደ ጉድለት አልቆጠርኩትም ነበር።

የሞላሌው የታሪክ መምህር ዛሬ ለተማሪዎቹ እንዳነብ ጋብዞኛል። ደብተሩም ቤተ መጻሕፍት ይገባል፤ ነገር ግን ምጽዋ በባሕር ኃይል ያገለገሉት አቶ በለጠ አይተው ካጸደቁት ብቻ ነው።

1 ሰዓት ተኩል፣ መንገድ ላይ

ሚኒባሱ ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣል።

«አባባ፣ እዚያ ጦርነት ውስጥ የኛ ሰው ነበረበት?» አለኝ ሾፌሩ፣ ደብተሩ ስለ ምን እንደሆነ ከነገርኩት በኋላ።

«የለም።»

«ታዲያ እርስዎን ምን አስጨነቀዎት?»

«ልጄ፣ የኖርዌይ ባሕር እንደኛ ገደል በተራሮች መካከል ተሰንጥቆ ወደ ዋና ከተማው ይዘልቃል። መርከቦቹ ያንን ሽቅብ ሲወጡ እንዳንተ መኪና ቀስ አሉ። የኖርዌይ ያረጁ መድፎች ትልቁን የጀርመን መርከብ መትተው ያሰጠሙት ለዚህ ነው።»

ሾፌሩ ተደነቀ። እኔም በራሴ ተደነቅሁ።

3 ሰዓት፣ ሞላሌ

አቶ በለጠ ቂጣ በአዋዜ አቀረቡልኝና ደብተሩን ማገላበጥ ጀመሩ። መሐል ላይ ቆሙ።

«ይኼ ዳገት ምንድን ነው?»

«መርከቦቹ የወጡት ነዋ። ከተማው ከላይ፣ ገደሉ ጫፍ ላይ አይደል?»

«ጋሼ፣ ያ እኮ ወንዝ አይደለም። ባሕሩ ራሱ ነው ወደ ውስጥ የገባው። ከአፉ እስከ ከተማው ገበቴ ላይ እንዳለ ውሃ ለጥ ያለ ነው።»

«ታዲያ ለምን ቀስ አሉ?»

«ጨለማ ነው፣ መተላለፊያውም ጠባብ ነው። እኔም ብሆን ቀስ እላለሁ።»

አልሳቁብኝም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ስለዚያ ዳገት አሥራ አራት ገጽ ጽፌአለሁ። ሥዕልም አለው።

«ተማሪዎቹ አያውቁትም። ዝም ብዬ ላንብበው?» አልኩ።

«አያውቁትማ። ስለዚህ ያምኑዎታል። እኔ ግን አላጸድቅም።»

5 ሰዓት፣ ትምህርት ቤት

ተማሪዎቹ ፊት ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። ዳገቱ ጋ ስደርስ፣ «ቀጥሎ ያሉት አሥራ አራት ገጾች ስህተት ናቸው» አልኩና ምክንያቱን ነገርኳቸው። መንዝ ውስጥ ተወልዶ ያደገ ሰው ውሃ በገደል ውስጥ ተኝቶ ይቆያል ብሎ ከየት ያመጣዋል?

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ከኋላ አንዲት ተማሪ ተነሳች፤ «አባባ፣ እኔም ዳገት ያለው መስሎኝ ነበር።»

«ሌላስ?» አልኩ። ግማሹ ክፍል እጁን አወጣ።

ገጾቹን ልቀድ ስል አብረውኝ የመጡት አቶ በለጠ ክንዴን ያዙኝ። «አይቅደዱት። ስህተትነቱን ይጻፉበትና እንዳለ ይግባ። ያን ጊዜ አጸድቃለሁ።»

መምህሩ ቀይ እስክሪብቶ ሰጠኝ። በአሥራ አራቱም ገጽ ላይ «እዚህ ተሳስቻለሁ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። በደብተሩ ሁሉ እንደዚያ ያማረ ጽሕፈት የለኝም።