ሰባት ቤት የሚቆጠርላቸው ንቦች

«የአበው ጥበብ» ሲባል እንባ የሚተናነቃቸውን ሰዎች አልወድም። ይህን ታሪክ ለእነርሱ ላለመስጠት ብዬ ብዙ ዓመት ዝም ብያለሁ።

በደርግ ጊዜ ደባርቅ ውስጥ የባዮሎጂ መምህር ነበርኩ። ትምህርት ቤቱ ሌንሱ የተሰነጠቀ አንድ ማይክሮስኮፕ ነበረው። እኔ ደግሞ ስንጥቅ የሌለበት እምነት ነበረኝ፤ በመጽሐፍ ላይ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው ወደ ሊማሊሞ ቁልቁለት ወርጄ አንድ ሽማግሌ ንብ አርቢ ዘንድ እውላለሁ። ቤታቸው ሦስት ወገኑን ገደል የከበበው ጠባብ መሬት ላይ ነው። ዐሥራ አንድ ቀፎ ነበራቸው፤ ማሩ ለቤታቸው፣ ሰሙ ለደብራቸው ጧፍ። ንቦቻቸው ድፍን ጥቁር ናቸው፤ ውርጩ ሳይለቅ አስታ በሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ አበባ ላይ ሥራ ይጀምራሉ። የቆላው ንብ ግን ወገቡ ቢጫ፣ ቁጡና ቀፎ ጥሎ የሚፈልስ ነው። በአንድ ቀን መንገድ የሚራራቁ ሁለት ዓይነት ንቦች ሳይደባለቁ እንዴት ኖሩ? ጥያቄው እንቅልፍ ነሳኝና ጠየቅኋቸው።

ሳቁብኝ። «አይደባለቁም ያለህ ማነው? እኔ አይደለሁ የምደባልቃቸው!»

በየሦስት ዓመቱ፣ ከመስቀል በኋላ፣ ሁለት ባዶ ቀፎ በወይራ ጭስ አጥነው በበቅሎ ወደ ቆላው አዲአርቃይ ይወርዳሉ። ዛፍ ላይ ሰቅለው መንጋ ሲገባላቸው አፉን በጨርቅ ዘግተው ይዘው ይመጣሉ።

«ብርዱን ይችሉታል?» አልኳቸው።

«ዓመት ሳይሞላቸው ይኮበልላሉ። ይኮብልሉ! እኔ የምፈልገው ድንጉላዎቹን፣ ወንዶቹን ንቦች ነው። አውራዋ ለጋብቻ ስትወጣ የእናቷን ልጅ ብቻ ካገኘች ምን ይወለዳል? ሰው ሰባት ቤት ሳይቆጥር ይጋባል እንዴ?»

አሁን የመሳቅ ተራው የእኔ ሆነ። ያው ሽማግሌ ቀፎ አጠገብ ውሸት ከተወራ ንብ ይሞታል ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው። ጥቁሮቹ ንቦች ብርድ ለብዙ ትውልድ የመረጣቸው ንጹሕ ዘር እንደሆኑ፣ እርሳቸውም እያበላሹት እንደሆነ አስረዳኋቸው። በየስብሰባው ስለ አብዮቱ ንጹሕ መስመር ሲሰበክልኝ የማዛጋው ሰው፣ ለንቦች ንጹሕ መስመር አዘዝኩ።

ነገሩ በክርክር ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን በዚያው ዓመት ጦርነቱ ቀርቦ ስለነበር ያለ ይለፍ ወረቀት ቆላ መውረድ ተከለከለ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ደግሞ ይለፍ የሚሰጠው የመንግሥት ሠራተኛ ደብዳቤ ሲጽፍ ነው። ሽማግሌው እኔን ለመኑኝ። እንቢ አልኩ።

«ለእርስዎ ብዬ ነው፣ አባቴ።»

«ለእኔስ አይደለም» አሉ። «ለመጽሐፍህ ብለህ ነው።»

በሁለተኛው ዓመት ከዐሥራ አንዱ ቀፎ አራት ቀረ። አስጠሩኝና አንድ የሰም እንጀራ ቆርጠው እጄ ላይ አኖሩልኝ። እጭ ሊሞላበት የሚገባው ቦታ ሁሉ ብል እንደበላው ነጠላ ተበሳስቷል፤ አንዱ ጉድጓድ ሙሉ፣ አንዱ ባዶ። አልወቀሱኝም። «እንዲህ ከሆነ ለፋሲካ ጧፍ የለም» አሉ ብቻ። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

ምክንያቱን ያነበብኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አውራዋና ድንጉላው ሥጋ ዘመድ ሲሆኑ፣ ሴት መሆን ከነበረባቸው እንቁላሎች ከፊሉ የማይረባ ወንድ ይሆናል፤ ሠራተኞቹ ንቦች ያውቁትና ገና በእጭነቱ ይበሉታል። ቀዳዳው የሚመጣው ከዚያ ነው። ያን ጊዜ ግን እንጀራውን በተሰነጠቀው ሌንስ ሳገላብጥ አምሽቼ ያየሁት ስንጥቁን ብቻ ነው። በነጋታው ደብዳቤውን ልጽፍ ወረድኩ።

ሊቀመንበሩ ለንብ ተብሎ ይለፍ እንደማይሰጥ ነገረን፤ የሚፈቀደው ለሕመም፣ ለለቅሶና ለሠርግ ነው።

«ሠርግ በል» አሉኝ ሽማግሌው፣ ድምፃቸውን እንኳ ሳይቀንሱ።

ጻፍኩ። ሊቀመንበሩ አነበበና ቀና አለ። «ማነው የሚያገባው፣ አያ?»

«ቤቴ ያደገች ናት።»

«ሙሽራውስ?»

«ቆለኛ ነው። ትንሽ ቁጡ ነው ይሉታል።»

«ቆለኛ ሁሉ እንዲያው ነው» ብሎ ማኅተሙን አሳረፈበት።

አብሬያቸው ወረድኩ። ሁለት መንጋ ይዘን ስንመለስ በቅሎዋ አንድ ጊዜ ተነድፋ ገደል ልትከተን ነበር። አንደኛው መንጋ ወር ሳይሞላው ኮበለለ፤ ሁለተኛው ክረምቱ ሲገባ ተከተለው። በቀጣዩ መስከረም ሽማግሌው አንዱን የጥቁሮቹን ቀፎ ከፍተው ጠሩኝ። እጩ ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል። ከጥቁሮቹ መካከል ወገባቸው ቢጫ የሆነ ሠራተኞች ይርመሰመሳሉ፤ በብርዱም አልሸሹም።

ያም ሆኖ እኔ እኔ ነኝ። «ዘንድሮ ዝናቡም ጥሩ ነበር እኮ» አልኩ።

«ሊሆን ይችላል» አሉ፣ ቀፎውን እየከደኑ። «ከሦስት ዓመት በኋላ ደብዳቤውን እንቢ በለኝና እንየው።»

አንዱን ነገር ከልክሎ ውጤቱን ማየት፣ ይህ ደግሞ ትክክለኛ ሙከራ ነበር፤ ክፍል ውስጥ የማስተምረውም ይህንኑ ነው። ግን አራት የነበሩት ቀፎዎች ሰባት ሆነው ፊቴ ተደርድረዋል። ሦስቱ ዓመት ሲሞላ ደብዳቤውን ጻፍኩላቸው፤ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይም «ሠርግ» አልኩ።