ለከድር፣ ለጀልባችን ባለቤት

ጓደኞቼ፣ እጄ ነው የሚጽፈው እንጂ እኔ ገና አላመንኩም።

ከድር ሞተ ይላሉ። የዓሣ ክለባችን ከድር። ዛሬ ጠዋት ሲታክ ኤርፖርት አጠገብ፣ የሚሠራበት የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ቆሞ እያወራ ወደቀ። አምቡላንስ ደርሶ ነበር፤ ልቡን ግን መመለስ አልቻሉም።

ሱልጣን፣ ሌላው የክለባችን ሰው፣ ኮል አድርጎ ሲነግረኝ የምሠራበትን ሆቴል ሻትል እየነዳሁ ነበር። "እሺ" አልኩት። ኤርፖርት ደርሼ ተሳፋሪዎቹን አወረድኩ፣ ሻንጣቸውን አቀበልኩ፣ መልካም ጉዞ ብዬ ሸኘሁ። ከዚያ ከድር ጋ ደወልኩ። ለምን እንደደወልኩ አትጠይቁኝ። አላነሳም።

እስካሁን አላለቀስኩም። ሰው ሁሉ ፊቴን ያየኛል፤ ምንም የለም። እንደደነዘዝኩ ነኝ።

ለማታውቁት፣ ከድር የስልጤ ልጅ ነው። ባህር ሳያይ ነው ያደገው። እዚህ አሜሪካ መጥቶ ያገለገለች ትንሽ ጀልባ ገዛና እኛን ከታክሲው፣ ከሱቁ፣ ከፓርኪንጉ ለቃቅሞ ዓሣ አጥማጅ አደረገን። ክለብ ክለብ እንላለን እንጂ ስምም ማኅተምም የለንም። ያለን የከድር ጀልባ ብቻ ነው።

መቼም ልማዱን ታውቁታላችሁ፣ ሠርግም ይሁን ለቅሶ፣ የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ለየብቻ ነው። አብረን እንስቃለን፣ አብረን እንተክዛለን፤ ምግብ ሲቀርብ እኛ ወዲህ፣ እነሱ ወዲያ። ከድር ይህን ነገር አልወደደውም። ያጠመድነውን ዳር ወጥተን ራሱ ይጠብስና አንድ ትሪ ላይ ይዘረግፈዋል። "ዓሣ ባራኪ አይጠይቅም፣ ብሉ!" ይላል። ስንት ዓመት አውቀዋለሁ፤ ከሱ ጋር አንድ ትሪ ላይ እጄን የከተትኩት ግን በዚያች ጀልባ ምክንያት ነው።

አንድ ቀን ልንገራችሁ። ረመዳንና ዐቢይ ጾም የተገጣጠሙበት ጊዜ ነው። ሁለታችንም ጾመን ወጣን። እሱ ውሃ እንኳ አይቀምስም፣ እኔ ደግሞ ዓሣ የጾም አይደለም ከሚሉት ወገን ነኝ። ምን ልናደርግ እንደወጣን እንጃ። ጀልባዋ ከኋላዋ በታች በኩል ውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ አላት፤ ባህር ከመግባቷ በፊት በመድፈኛ ይዘጋል። እኔ እሱ ዘግቶታል ብዬ፣ እሱም ወልዴ ዘግቶታል ብሎ፣ በተራበ አንጎላችን ነድተን ገባን። ከዳር ራቅ እንዳልን እግራችን ራሰ።

"ወልዴ፣ ዝናብ ነው እንዴ?"

"ሰማዩ ብራ ነው ከድር።"

"ኦኬ። ሶ፣ ባህሩ ነዋ!"

እኔ በዓሣው ባልዲ ውሃ እየቀዳሁ ስደፋ፣ እሱ ወደ ዳር ሲያበርራት፣ በመሀል ሳቁ ሊገድለን ነበር። ዳር ስንደርስ ጣቱን ቀስሮ "ይሄን ለዘይነባ ብትነግራት ጾምህ አይያዝልህም" አለኝ። አልነገርኳትም።

ዘይነባ ባለቤቱ ናት። ባህር ትፈራለች። እሱ በወጣ ቁጥር ስልኳን ይዛ መስኮት ስር ነው የምትውለው። "አንድ ቀን ባዶ ጀልባ ታመጡልኛላችሁ" ትለን ነበር።

ዛሬ ከሥራ በቀጥታ ሬንተን ከተማ ቤታቸው ሄድኩ። ለለቀስተኛው ወንበር የሚደረደረው ጋራዡ ውስጥ ነው፤ ጋራዡን ደግሞ ጀልባዋ ሞልታዋለች። ዘይነባ ከሴቶቹ መሀል ተነስታ መጣች።

"ወልዴ፣ ይቺን ነገር አውጣልኝ። ሁለተኛም እንዳትመልሳት። ሽጧት፣ እንደፈለጋችሁ አድርጓት፣ ዓይኔ እንዳያያት ብቻ።"

ከድር እኮ የሞተው ደረቅ መሬት ላይ ነው ልላት ነበር። ተውኩት። ጀልባዋ ከሄደች ግን እኛም እንደምንበተን ወዲያው ገባኝ። እንደ ድሮአችን እኛ ወዲህ፣ እነሱ ወዲያ ልንሆን ነው። እሱን ገና ሳንቀብር ይሄን ማሰቤ ራሴን ገረመኝ።

ከሱልጣን ጋር ሆነን የሱ ፒካፕ መኪና ላይ አሰርናት። ልንነሳ ስንል የከድር ልጅ ሰሚራ ከቤት ወጥታ ጀልባዋ ላይ ወጣች፤ የአባቷን የመንሳፈፊያ ጃኬት አቅፋ ቁጭ።

"ውረጂ የኔ እናት" አልኳት።

"ኖ።"

ዘይነባ መጥታ እጇን ዘረጋችላት። ሰሚራ እጇን አልያዘችም። እናቷን ቀና ብላ አየቻትና፣ "ማሚ፣ ዩ ኔቨር ኬም" አለቻት። አንድም ቀን መጥተሽ አታውቂም ማለቷ ነው።

ዘይነባ ጀልባዋን በእጇ ተደግፋ ቆመች።  ወደኔ ሳትዞር፣

"አትሽጧት" አለች። "ዒዳዬ ሲያልቅ ትወስደኛለህ።"

ዒዳ ባል የሞተባት ሙስሊም ሴት ቤቷ የምትቀመጥበት ጊዜ ነው፤ ወራት ይፈጃል። ከዚያ ልጅቷን አቅፋ አውርዳ ይዛት ገባች።

ቀብሩ ነገ ከዙህር፣ ከቀትር ሶላት በኋላ ነው። ቦታውን ሱልጣን ይነግራችኋል። ክርስቲያኖቹም እንዳትቀሩ፣ ሁላችሁም ኑ።

ከድር ወንድሜ፣ እኔ ነፍስህን ይማር እላለሁ፣ ሱልጣን ደግሞ የናንተኑን ዱዓ ያደርግልሃል፤ ሁለቱም ይድረስህ። ጀልባህ አሁን እኔ በር ላይ ቆማለች። ዓመት ሙሉ፣ ከዓመት ዓመት፣ "አንዴ ብቻ ነይ" እያልክ ስትለምናት እምቢ ያለችህ ዘይነባ ልትሳፈር ነው። አንተ በሌለህበት።

ሌላ ደህና መቀመጫ ስለሌለን ያንተ ቦታ ላይ ነው የማስቀምጣት። ደህና ሁን።