ሀዊና ያበጡት ካፓሲተሮች

ሀዊን «ተይው፣ አይሆንም» ማለት ነገር መፈለግ ነው። ካምፓላ፣ ኪኩቦ ገበያ ውስጥ፣ የሳሙናና የብስኩት ካርቶን ተሸክሞ ከሚጋፋው ሰው መሃል፣ ከአንድ ደረጃ ሥር በተሸጎጠች ክፍል ኮምፒውተር ትጠግናለች። ጎረቤቶቿ የሞተ ዕቃ ሲመጣባቸው «ለዚያች ግትር ውሰዱላት» ይላሉ። ስድብ ይሁን ሙገሳ እነሱም አያውቁትም፤ እሷ እንደሆነ ሥራ እስካመጣላት ድረስ ጉዳይዋ አይደለም።

አንድ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ገንዘቤ የምትባል ሴት የኮምፒውተር ሳጥን እንደ ሕፃን ታቅፋ ከቦዳ ሞተር ወረደች። ኪዋቱሌ ሰፈር በተከራየቻት ቤት የሐበሻ ቀሚስ በማሽን ትጠልፋለች። ማሽኑን የሚያዘው ይህ ያረጀ ኮምፒውተር ነው። ጥለቶቹን አንድ በአንድ ስሎ ያስገባላት ባሏ መርዕድ ነበር፤ እሱ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል።

«ሁለት ቦታ ወሰድኩት፤ ሁለቱም ጣይው አሉኝ» አለች። «የማሽኑ ማገናኛ ካርድ አዲስ ኮምፒውተር ላይ አይገባም። ይኼ ካልተነሳ ሙየንጋ ሰፈር ያለች አንዲት ማዳም የቤት ሠራተኛ ትፈልጋለች፤ አዳር ነው። ልጅ ይዞ መግባት ክልክል። ልጄን አርሴማን ጎረቤት ጥያት እገባለሁ እንግዲህ። ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እደውላለሁ፣ ቁርጡን ትነግሪኛለሽ ብላኛለች።»

ሀዊ የአዳር ሥራን ታውቀዋለቻ። ከጅማ ካምፓላ የገባች ሰሞን ሁለት ዓመት ሰው ቤት ሠርታለች። ስሟን የምትሰማው ለሥራ ሲጠሯት ብቻ ነበር። ከዚያ ያወጣት ጓሮ የተጣለ የአሠሪዋ ራዲዮ ነው፤ ፈታታ፣ አገጣጥማ፣ ሲዘፍን ስትሰማ «አሃ፣ እኔ ለካ ሌላም እችላለሁ» አለች። ያ ሕይወት አሁን ደግሞ ይህችን እናት ከዘጠኝ ዓመት ልጇ ሊነጥላት ነው ሲባል ቆሽቷ አረረ።

«ቁጭ በይ እትዬ» አለቻት። «ጣይው ያሉሽ ሰዎች ከፍተው አይተውታል?»

«ኧረ የት አባታቸው። አቧራውን እፍ ብለው መለሱልኝ።»

ሀዊ ሳጥኑን ፈታች። ማዘርቦርዱ ላይ፣ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ፣ ኤሌክትሪኩን አጠራቅመው በልኩ የሚያቀብሉት ትናንሽ በርሜሎች፣ ካፓሲተር የሚባሉት፣ ተደርድረዋል። ሦስቱ አናታቸው አብጧል፤ አንደኛው ቡናማ ፈሳሽ ተፍቷል። በሽታው ይህ ብቻ ከሆነ ዕዳው ገብስ ነው። ከወደቁ ቦርዶች መሃል ቁጥራቸው ልክ የሚገጥም ሦስት ጤነኞች መርጣ ነቀለች። ኮምፒውተሩ ቀኑን የሚያስታውስባትን ትንሽ ባትሪም ለጥንቃቄ አወጣችና የመበየጃ ካውያዋን አጋለች።

ቦርዱ ግን ሙቀቱን ሁሉ ይጠጣዋል። የካፓሲተሮቹን እግር የያዘው አሮጌ የብየዳ ሊድ አልቀልጥ አለ። ትኩስ ሊድ ጨመረችበት፤ አንዱን እግር አሙቃ ትንሽ አዘነበለች፣ ሌላውን አሙቃ ወዲህ መለሰች። ጣቷን አቃጠላት፤ ጠባችውና ቀጠለች። ቀዳዳዎቹን በስቴኪኒ ጠረገች። አዲሶቹን ስታስገባ የኔጋቲቩን እግር የሚያመለክተውን መስመር ሁለቴ ሳታይ አልበየደችም፤ የተገለበጠ ካፓሲተር እንደሚፈነዳ አንዴ ቀምሳዋለችና።

ባትሪውን መልሳ አበራችው። ማራገቢያው ዞረ፣ ስክሪኑም መጣ። ገንዘቤ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሀዊ ባትሪው ሲወጣ የጠፋውን ቀን ከስልኳ አይታ አስተካከለችና የጥልፉን ፕሮግራም ከፈተች። ወፍ የለም። «የአገልግሎት ዘመኑ አልፏል» ብሎ ዘጋ። ደግማ ብትከፍት ያው። ፕሮግራሙ የተፈቀደው በፈረንጁ እስከ 2020 ነው፤ ሲያልቅ በነፃ አድስላችኋለሁ ያለው ሻጭ ሱቁን ዘግቶ ከጠፋ ቆይቷል።

ሰዓቱ አሥር ተኩል ሆኗል። «በቃ እህቴ፣ ለፍተሻል፣ ተመስገን ነው» አለች ገንዘቤ፣ ሳጥኑን ልትወስድ ተነስታ።

«ተቀመጪ አልኩሽ» አለች ሀዊ። መልእክቱ አስቆጣት እንጂ ተስፋ አላስቆረጣትም። 2020 ላይ ካለቀ አምስት ዓመቱ፤ ይህች ሴትዮ ታዲያ ኮምፒውተሩ እስኪሞት ድረስ በምን ስትጠልፍ ነበር? «በመጨረሻ ስትሠሪበት ኮምፒውተሩ ዓመቱን ስንት ነበር የሚለው?»

«ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ነዋ።»

«የፈረንጁን እኮ ነው የምጠይቅሽ።»

«እኔም የኮምፒውተሩን ነው የምነግርሽ። የፈረንጅ ዓመት ያምታታኛል ብዬው መርዕድ በኛ አደረገልኝ። የደንበኛ ቀጠሮ ስጽፍ ዓመቱን ከሱ ነበር የማየው።»

ሀዊ ሳቋ አመለጣት። ሟቹ ሚስቱ እንዳትምታታ ብሎ በኛ አቆጣጠር የሞላው ዓመት፣ ሳያውቀው ዓመታት ሙሉ እንጀራዋን ሲጠብቅላት ኖሯል። «ነፍሱን ይማረው» አለችና ዓመቱን ወደ 2017 መለሰችው። ፕሮግራሙም 2020 ገና አልደረሰም ብሎ ተከፈተ። መስቀሉ፣ ሐረጉ፣ የአንገቱ ጥለት ስክሪኑን ሞሉት። ገንዘቤ አንዱን በጣቷ እየነካች አለቀሰች፤ ሀዊም ካውያዋን የምትጠርግ መስላ ፊቷን አዞረች።

«በዚህ ሦስት ዓመት ትሠሪያለሽ። ከዚያ በፊት መላ እንፈልጋለን» አለቻት።

ልክ አሥራ አንድ ላይ ስልኩ ጠራ። ገንዘቤ «እሺ ማዳም፣ እመጣለሁ» የሚለውን እንግሊዝኛ ከጠዋት ጀምራ ስታጠናው ነው የዋለችው። እንባዋን ጠርጋ አነሳችው። ያላጠናችው እንግሊዝኛ ግን ቀደማት።

«አልመጣም ማዳም» አለች። «ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤት መገኘት አለብኝ።»