በደቦ የተጫወትነው ጌም

ከሱቄ ፊት ለፊት የቆመ ልጅ ስልኩ ላይ የሚያዘልለውን ሰውዬ ገደል ሲከተውና ያቺ «ጥሽ» የምትል ድምፅ ስትሰማኝ፣ ቦንጋ ያለው የአባቴ ቤት፣ የመንገድ ዳሩ ክፍል፣ ከእርጥብ ጃኬቱና ከጋለው ኮምፒውተር ሽታ ጋር ተመልሶ ይመጣብኛል።

እናታችን ከሞተች ወዲህ ጸጉሬን የሚጎነጉንልኝ፣ ወጥም የሚያሳርርብኝ ታላቅ ወንድሜ አሥራት ነበር፤ አባባ ከሬዲዮኑ በቀር የሚጫወተው ሰው አልነበረውም። ክረምቱ ሲገባ አሥራት ያንን ክፍል ጌም ቤት ሲያደርገው፣ አባባ «እስከ መስቀል ሰው ከገባልህ ገባ፤ ካልሆነ ቢታ ገነት ድረስ አጎትህ ጋ ሄደህ ቡና ታርማለህ» ብሎ ፈረደ። እኔም ከሬዲዮኑ ጋር እንድቀር ተፈረደብኝ።

ያለን ጌም ደግሞ አንድ፤ ኮፍያ ያጠለቀ ትንሽ ሰው እሾህ እየዘለለ የሚሄድበት፣ እሾህ ከነካው ወደ መነሻው የሚመለስበት። ዝናብ ሸሽቶ የገባው ሁሉ እየሞተ፣ እየተራገመ ይወጣ ነበር። ባጃጅ ነጂው ሙሉነህ «ይሄ ለሰው የተሠራ አይደለም፤ የሺሺንዳ መንገድ ጭቃ ይሻላል» ሲል፣ ከሌላ አገር ተመድበው የመጡት የሒሳብ መምህር መነጽራቸውን እየወለወሉ «ጌሙ ፍትሐዊ ነው፤ የሚገድልህ የገዛ እጅህ ነው» ይሉት ነበር።

«መምህር፣ ፈተናም እንዲህ እያወጡ ነው ልጆቹን የፈጇቸው!» ይላቸዋል ሙሉነህ።

ሳቁ ጥሩ ነበር፤ በሳቅ ግን ቤት አይቆምም። ነሐሴ ላይ «የማያልቅ ጌም» የሚለው ወሬ ገበያ ደርሶ ወንበሮቻችን ባዶ ቀሩ።

አሥራት፣ ጌሙ አንዴ በሰው ፊት ካለቀ ሰው ይመለሳል ብሎ ተስፋ አደረገ። ዘዴውን ያመጣው ሙሉነህ ነው፦ «እርሻስ ብቻውን የሚጨርስ ማን አለ? በደቦ ነዋ!» ከዚያ ሙሉነህ ድልድዩን፣ መምህር የሚሽከረከረውን መጋዝ፣ እኔ ተንሳፋፊዎቹን ድንጋዮች ተካፍለን፣ በየድርሻችን እየተለማመድን፣ ኪቦርዱን ስንቀባበል መስከረም ጠባ፤ በመስቀል ዋዜማም አባባ ራሱ በር ላይ ቆሞ እያየን የመጨረሻዋ ደረጃ ላይ ደረስን።

ደረጃዋ ግን ድልድዩን፣ መጋዙንና ድንጋዮቹን ደባልቃ፣ ኪቦርድ ለመቀባበያ የምትሆን ትንፋሽ እንኳ የማትሰጥ ሆነች። ሁላችንም የምናውቀው የየድርሻችንን ነው፤ ሁሉንም የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረንም። እጃችንን በእጅ ላይ ደራርበን ሞከርን፣ ሞትን፤ ደግመን ሞከርን፣ ሞትን። ሙሉነህ እንኳ መራገሙን ተወ። እኔ «አባባ፣ አንዴ ብቻ! አንዴ ብቻ!» እያልኩ አለቀስኩ።

«በቃ ልጄ፣ እራት ይቅረብ» አለ አባባ። እራት የሚያቀርበው አሥራት ነበር።

ከመስቀል ማግስት አሥራት ወደ ቢታ ገነት የሚሄድ አይሱዙ ላይ ተሳፈረ። በጋው ሲገባ ክፍሉ የቡና መጋዘን ሆነ፤ ጸጉሬንም የሚሠራልኝ ጠፍቶ ተላጨሁት።

ዛሬ ልጆቹ በየስልካቸው ብቻቸውን ይጫወታሉ፤ ስለ ጌሙ ያላቸውን አስተያየትም ለማያውቁት ሰው ይጽፋሉ። እኔ ደግሞ የቡና ነጋዴ ሆኜ፣ ያኔ የዓለም ጫፍ የመሰለኝን ቢታ ገነት ደርሼ እመለሳለሁ። አሥራት እዚያው ነው፤ ቡናውን አድርቆ ይጠብቀኛል፣ ልጆቹን ስሜ ሻይ እጠጣለሁ፣ እንከራከራለን፣ አስጭኜ እሄዳለሁ። ያኔ መንገዱ ሩቅ ነው ብዬ አለቀስኩ፤ አሁን ቀርቧል፣ ወሬያችን ግን ከዋጋ አያልፍም።