በባዶ ሆድ የተዋጠ ዘይት

ከኩዌት ጦርነት ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። እኔ ዓረብ አገር፣ ኹበር በምትባል ከተማ በአንድ ክሊኒክ ነርስ ነበርኩ፤ ታላቅ እህቴ ደግሞ እዚያው ከተማ በሰው ቤት ትሠራ ነበር። አገር ቤት ሳለች ታማ ከአንጀቷ ብዙው ተቆርጦ ወጥቷል። ተረፈች፤ ግን የምትበላው ቅባት ሰውነቷ ውስጥ በቅጡ አይገባም። ከጊዜ በኋላ እግሯ እየደነዘዘ፣ መሬት መሬቱን ካላየች መራመድ እያቃታት መጣ። ሥራዋን እንዳታጣ ፈራሁ።

የክሊኒኩ ሐኪም ምክንያቱን አገኘው። ቫይታሚን ኢ ወደ ሰውነት የሚገባው ከቅባት ጋር ነው፤ ቫይታሚኑ ሲጠፋ ነርቭ ይጎዳል።

«በዛ አድርጋ ትውሰድ» አለኝ፤ «ጉዳቱ ይቆም ይሆናል። የተጎዳው ግን ላይመለስ ይችላል።»

ዘይት የቋጠሩትን ቢጫ እንክብሎች ሰጠኋት። «ከምግብ ጋር» አልኳት፤ እሺ አለች።

ወራት አለፉ፤ እግሯ ባሰበት። አንድ ዓርብ ቱቅባ ሰፈር ወዳለው ቤቴ ግድግዳ ተደግፋ ገባች።

«እትዬ፣ መድኃኒቱን እንዴት ነው የምትወስጂው?»

«ጠዋት ተነሥቼ፣ አማትቤ፣ በውኃ ነዋ። ከዚያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም፤ ስለት ገብቻለሁ።»

«ጸበል መሰለሽ እንዴ? ያለ ቅባት አይሠራም እኮ!»

«እህል ከቀደመው ታዲያ ምኑን ጾምኩት?» አለች፤ ከልቧ ግራ ገብቷት።

የዚያን ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ዘይት የበዛበት ሽሮ ሠርቼ አብልቼ አስዋጥኳት። ከዚያ ወዲህ እንዳልኳት አደረገች፤ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። አንድ ቀን ሥራ ላይ ሳለች ከነሻይ ትሪው ደረጃ ላይ ወደቀች። ማዳሟ ደውላ «ኸላስ፣ ኹሩጅ ይመታላታል» አለችኝ፤ በቃ፣ ፓስፖርቷ ላይ የመውጫ ቪዛ ተመትቶ አገሯ ትገባለች ማለቷ ነው። ክፉ ሴት አልነበረችም።

ዳህራን አየር ማረፊያ ድረስ ሸኘኋት። ከዚያ ሁሉ መብራት ሥር አንገቷን ደፍታ እግሯን እያየች ተራመደች።

«እዚህስ መብራት አለ» አለችኝ፤ «እኛ ቀዬ ሲመሽ እግሬን በምን ላየው ነው?»

«ባትሪ ከነድንጋዩ ሻንጣሽ ውስጥ ከትቼልሻለሁ» አልኳት።

የእኛን ቀዬ ሁለታችንም እናውቀዋለን። የባትሪ ድንጋይ ሲያልቅ የሚገዛው ገበያ ተወርዶ ነው፤ የግማሽ ቀን መንገድ፣ በእግር።